በቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ውስጥ ሐሰተኛ ብር ሲገኝ፦ መመለስ ወይስ ማሳወቅ?

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ክፍል የሚያከራይ ሰው ከአዲስ ተከራይ በጥሬ ገንዘብ የተቀበለውን የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ ማታ ሲቆጥር፣ ከባለ 200 ብሮቹ መካከል ሦስቱ ሐሰተኛ ሆነው ቢያገኛቸው፣ ሁለት መንገዶች ከፊቱ ይቀርባሉ። (ባለ 200 ብሩ በ2013 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ብዙዎቻችን የምናየው ሐምራዊ ቀለሙን እንጂ የደኅንነት ክሩን አይደለም።)

ብሮቹን ለተከራዩ መልሶ ምትክ መጠየቅ ፈጣን ነው፤ 600 ብሩም ምናልባት በማግስቱ ይተካል። ነገር ግን ገንዘቡ አከራዩና ተከራዩ ባሉበት ተመርምሮ ስላልተቆጠረ፣ ተከራዩ «እኔ የሰጠሁት ይህን አይደለም» ቢል መልስ አይገኝለትም። ከዚህ የሚከፋው፣ ተከራዩ ራሱ ተታሎ የተቀበለውን ብር ገበያ ወስዶ ለሌላ ሊያሳልፈው መቻሉ ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ገንዘብ ማዘዋወርን ይቀጣል።

ወደ ባንክ ወይም ወደ ፖሊስ መውሰድ ምልልስ አለው። ሐሰተኛነቱ ከተረጋገጠ ብሩ ይያዛል፣ ምትክም አይሰጥበትም፤ ስለዚህ ኪሳራው ከተከራዩ ጋር የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ሆኖም የብሮቹን ተከታታይ ቁጥር፣ የተቀበለበትን ቀንና የከፋዩን ስም መዝግቦ የቀረበ አከራይ ቢያንስ ከአዘዋዋሪነት ጥርጣሬ ይርቃል። እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ፤ ከተቻለም ተከራዩን አስቀድሞ ነግሮ አብሮ መሄድ ይሻላል፤ እርሱም ብሩን ከማን እንደተቀበለ ለማስረዳት ዕድል ያገኛል።