ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ በአዳር የተከራየነው ቤት

ለጥምቀት አዲስ አበባ ልትገቡ አስባችሁ ሆቴል ወይስ አፓርታማ እያላችሁ ከሆነ፣ ልጆች ላለው ሰው አፓርታማው ይሻላል። እኛ ያረፍንበት ባለ ሁለት መኝታ ንጹሕ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው ይሠራል፣ ጥበቃዎቹም በውድቅት ሌሊት ሻንጣ ተሸክመው አስገቡን። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለ። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ይነሣል፤ ሊፍቱን ግን አያንቀሳቅስም። ያለነው አምስተኛ ፎቅ፣ እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ዋጋው በአዳር 45 ዶላር ነው፤ የሚከፈለው በዕለቱ ምንዛሪ በብር። በብር ቁረጪልኝ ብላት አከራያችን «እህቴ፣ ብሩ ነገ ስንት እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው።

ከዋጋው ይልቅ ያስገረመኝ የጎረቤቶቻችን ኪራይ ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ያንኑ ዓይነት ቤት፣ ዕቃ የሌለውን፣ በወር የሚከፍሉበት ገንዘብ እኛ ለሰባት ሌሊት የከፈልነውን አይሞላም። እርግጥ አከራያችን ጽዳት፣ አንሶላ፣ ናፍጣና የደላላ ኮሚሽን አለባት፤ የጥር ሠርግና የየካቲቱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ካለፉ በኋላም ቤቱ ጦሙን ያድራል። ቢሆንም የወሩን ግማሽ ባዶ ቢቀርባት እንኳ ታተርፋለች። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ለተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይሰጣል፤ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው በሚያወጣው ልክ ብቻ ነው። ለተከራይ ደግ ሕግ ነው። ግን ዋጋውን ለጥምቀት ሰቅሎ ለክረምት ማውረድ የለመደ አከራይ፣ ውሉ ሲያልቅ ቤቱን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አይከብድም። ሚስትየዋ «እናንተ ስትበዙ እኛ ወደ አያት ነን» አለችኝ፣ ከከተማው ዳር ያለውን ሰፈር ማለቷ ነው፣ እየሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ዋይፋዩ ማታ ማታ ይንቀራፈፋል፤ የስልክ ዳታ ግዙ። ሰንበት ብላችሁ የምትቆዩ ከሆነ የወር ዋጋ ጠይቁ፣ በአዳር ከመክፈል በጣም ይቀንሳል። ለእኛ አከራያችን በክረምት ከመጣችሁ በአዳር 30 ዶላር አደርግላችኋለሁ ብላለች፤ በቀጥታ ለእሷ ከደወልን፣ ደላላው ሳይሰማ።