ኢሺሃራ ወይስ ዲ-15? የቀለም ዕይታ ምርመራ ምርጫ

የበሰለ ቲማቲም ግዛ ተብሎ አረንጓዴውን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ቸልተኛ አይደለም። ዓይኑን ማስመርመር ይበጃል። ግን በየትኛው?

ኢሺሃራ፦ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በነጠብጣቦች መካከል ቁጥር የተደበቀበት መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ፣ 12 ቁጥርን፣ ቀለም የማይለየውም ያነበዋል፤ እሱንም አላየሁም ያለ ወይ ዕይታው ደክሟል ወይ እያስመሰለ ነው። ምርመራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ቀላል የቀይና አረንጓዴ ችግርንም አያልፍም። ሰማያዊና ቢጫን ማምታታትን ግን አያገኝም፤ የችግሩን ክብደትም በቅጡ አይለካም። ቁጥሮቹን የሸመደደ ሰው ሊያታልለው ይችላል። ፀሐይ ያደበዘዘው መጽሐፍ ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

ፋርንስዎርዝ ዲ-15፦ ከአንድ መነሻ ቀለም ጀምሮ 15 ትንንሽ ክዳኖችን በቀለም ቅርበታቸው መደርደር ነው። ቁጥር ማንበብ አይጠይቅም። የሰማያዊና ቢጫውንም ይይዛል፤ ቀላሉን ችግር ግን ያሳልፋል። ክዳኖቹ በእጅ ወዝ ስለሚበላሹ ጓንት ይፈልጋሉ።

ለተማሪዎች የመጀመሪያ ማጣሪያ ኢሺሃራ ይበቃል። ኢሺሃራ ላይ ወድቆ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥራ ለሚመኝ፣ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ቀለም ለተዘበራረቀበት፣ ዲ-15 ይሻላል። የስልኩን ምርመራ ተዉት፤ እያንዳንዱ ስክሪን የራሱ ቀይ አለው።