የማያሚው የባሕር ሙላት ካርታ ከጎንደር ሆኖ ለሚከታተል ሰው

በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ዘመድ ያለው የጎንደር ቤተሰብ ጥቂት ስላልሆነ፣ የሃሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሣ ከባድ አውሎ ነፋስ፣ ወሬ በተሰማ ቁጥር እዚህም ስልክ ይጨናነቃል። ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ «ስንተኛ ደረጃ ደረሰ?» የሚል ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃ የሚሰጠው በነፋሱ ፍጥነት ብቻ በመሆኑ፣ ቤት ውስጥ ስለሚገባው ውሃ የሚነግረን ነገር የለም። ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል በነጻ የሚያወጣው የባሕር ሙላት ካርታ ይህን ጉድለት የሚሞላ አገልግሎት ነው።

ደምቢያን የሚያጥለቀልቀው የመገጭ ሙላት ላይ አገር ከጣለው ዝናብ የሚመጣ ሲሆን፣ የባሕር ሙላት ግን ነፋሱ ራሱ ውሃውን እየገፋ ወደ የብስ ሲከምረው የሚፈጠር ነው፤ የፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ እስከ ሩቅ ድረስ ጥልቀት ስለሌለው የተገፋው ውሃ ወደ ላይ ከመነሣት በቀር መሄጃ አያገኝም። በ2017 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ሄሊን የተባለው ሃሪኬን በዚሁ ዳርቻ ባለችው በታምፓ ከተማ ትይዩ ሲያልፍ ዓይኑ (መሐሉ) ከከተማዋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር፤ ሆኖም በታምፓ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ውሃው እዚያ ያሉት የውሃ መለኪያዎች ቀድሞ መዝግበውት ከማያውቁት ከፍታ ደረሰ።

ካርታው ውሃው ከመሬት በላይ ምን ያህል ሊቆም እንደሚችል በቀለም ያሳያል፦ ሰማያዊው ከ1 ጫማ፣ ቢጫው ከ3፣ ብርቱካናማው ከ6፣ ቀዩ ከ9 ጫማ በላይ ማለት ነው። በሜትር ላደገ አንባቢ ይህ አሰልቺ ነው፤ አንዱን ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ማስላት ግን ይበቃል። የሚጻፈው ቁመት አማካይ ግምት ሳይሆን የክፉው ቀን ልክ ነው፤ ከተጻፈው የመብለጥ ዕድሉ ከ10 አንድ ያህል ነው። ስለዚህ ቀይ የታየበት ሰፈር በጉልበት ልክ ውሃ ብቻ ቢያይ ትንበያው ዋሸ ሊባል አይገባም። በሙላቱ ላይ የሚደርበው ሞገድና የዝናብ ጎርፍ ግን በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

የማዕከሉ መግለጫ በቀን አራት ጊዜ ይወጣል፤ በሃሪኬን ወራት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12 እና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይውላል። ካርታው የሚታደሰው ግን ከዚያ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ስለሆነ፣ መግለጫው እንደወጣ የሚከፍት ሰው የቀድሞውን ካርታ ሊያነብ ይችላል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ካርታውን ከመጠበቅ ይልቅ የጽሑፍ መግለጫውን መክፈት ይሻላል፤ የሙላቱ ቁመት በየዳርቻው ስም ተዘርዝሮ እዚያው ይገኛል። አማርኛ የለውም።

ካርታው ልቀቁ ወይም ቆዩ አይልም። ያ ትእዛዝ የሚሰጠው በየአውራጃው ሲሆን፣ ሰፈሮቹ በፊደል በተለዩ ቀጠናዎች ተከፍለዋል፤ በመሆኑም ለዘመድ ሲደወል ከነፋሱ ደረጃ በፊት የቀጠናውን ፊደል መጠየቅ ይገባል።

ዘመዱ ጅቡቲ ወይም በርበራ ላለ ሰው ካርታው አይጠቅምም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ ሶማሌላንድን እንደመታው እንደ ሳጋር ላለው አውሎ ነፋስ መግለጫ የሚያወጣው ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው።