ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ወይስ ዘግቶ ራስን መጠየቅ?

ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስዘጋጅ ደብተሬን አራት አምስት ጊዜ አነብ ነበር። ሁሉን ያወቅኩት ይመስለኛል። ፈተናው ላይ ግን ጥያቄውን የት ገጽ ላይ እንዳየሁት አስታውሳለሁ፣ መልሱ አይመጣም።

ደጋግሞ ማንበብ አያደክምም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ዓይን የለመደውን ገጽ አእምሮ የያዘው ይመስለናል። ለነገ ጠዋት ፈተና ይረዳ ይሆናል። ከዚያ በላይ አልመክረውም።

ሁለተኛው መንገድ ይከብዳል። አንድ ርዕስ አንብቡ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ ያስታወሳችሁትን በባዶ ወረቀት ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን እዩ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን አወዳድረዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት ካነበቡት ጽሑፍ 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ሌሎቹ 42 በመቶ ላይ ቀሩ። የአብነት ተማሪዎቻችንም ቃል ትምህርታቸውን ያለ መጽሐፍ ነው የሚወጡት።

ለሒሳብና ለፊዚክስ ደግሞ መምህሩ የሠራውን ምሳሌ በወረቀት ሸፍናችሁ ከመጀመሪያው ሥሩት። የቆማችሁበት መስመር ላይ ነው ጥናቱ የሚጀምረው።