ሊንክድኢን ላይ ለቀጣሪ መልስ መስጠት፦ ከቀጣሪው ወገን ሆኜ ስገመግመው

ቦሌ አካባቢ ባለ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የሒሳብ ወይም የግዥ ባለሙያ ስፈልግ መጀመሪያ የምከፍተው የባለሙያዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ የሆነውን ሊንክድኢንን ነው። የሰውየው የሥራ ታሪክ እዚያው ስላለ «ማን ልበል?» ብዬ አልጀምርም። ቴሌግራም ላይ «ሰላም፣ ቦታው አለ?» ብሎ ዝም የሚል ሰው የትኛውን ቦታ እንደሚጠይቅ ለማወቅ ብቻ ስንት እንመላለሳለን።

የማላውቀውን ሰው የማገኘው ኢንሜይል (InMail) በሚባለው የሊንክድኢን የሚከፈልበት መልዕክት ነው። ብዙ ሥራ ፈላጊ የማያውቀው ነገር አለ፤ ለእናንተ መመለስ ነፃ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ከመለሳችሁ ደግሞ፣ መልሱ «አልፈልግም» ቢሆንም እንኳ፣ ለላኪው መልዕክቱን የላከበት ክሬዲት (የከፈለበት የመላኪያ ሒሳብ) ይመለስለታል። ዝም ካላችሁ ተቃጠለ። እኛ አገር እምቢ ማለት ያስቀይማል ብለን በይሉኝታ ዝም እንላለን፤ እኔን የሚጎዳኝ ግን ዝምታው ነው፤ ቦታውን ክፍት አድርጌ እጠብቃለሁና።

ከመልዕክቱ ሥር የሚመጡት ዝግጁ መልሶች ምንም ካለመመለስ ይሻላሉ። ሁለት መስመር በራስ እጅ መጻፍን ግን አይተኩም። አንድ የግዥ ባለሙያ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። አሁን ያለሁበትን ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ስላልሞላኝ መልቀቅ አልፈልግም። ጎበዝ ትራንዚተር ከፈለጉ ግን የቀድሞ ባልደረባዬን ፈቃዱን ጠይቄ ላገናኝዎት እችላለሁ።» ትራንዚተሩን ቀጠርነው። የጻፈልኝም ሰው ስሙ ማስታወሻዬ ላይ አለ፤ የግዥ ኃላፊ ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው። «ፈቃዱን ጠይቄ» ማለቱን በተለይ ወድጄዋለሁ፤ የሰው ስልክ ዝም ብሎ አይሰጥም።

ቀጠሮ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለእኔ «ማክሰኞ 3 ሰዓት» ብትሉኝ ጠዋት መሆኑ ይገባኛል። ዱባይ ላለ ቀጣሪ ግን በእሱ አቆጣጠር የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ የማን ሰዓት እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩ።

«መቼ መጀመር ትችላለህ?» ስል «ነገ» የሚለኝም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሥራ ላይ ሆኖ «ነገ» የሚለኝን ሰው እኔንም እንዲሁ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ እሰጋለሁ። «ለአሠሪዬ አሳውቄ፣ ከ30 ቀን በኋላ» የሚለኝን በደስታ እጠብቀዋለሁ።

ሥራ መፈለጋችሁ በይፋ እንዳይታወቅ ከፈለጋችሁ ሊንክድኢን ለቀጣሪዎች ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ሊንክድኢን ራሱ ግን አሁን ያላችሁበት መሥሪያ ቤት በፍጹም አያይም ብሎ ዋስትና አይሰጥም።

ሊንክድኢንን ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ሾፌርና የመጋዘን ሠራተኛ ስፈልግ አይሆነኝም፤ እነሱን የማገኛቸው ቴሌግራም ላይ ነው። እዚያም ቢሆን በመጀመሪያው መልዕክት ሙሉ ስም፣ የሚፈልጉትን ቦታና ስልክ ቁጥር የሚልኩልኝን አስቀድሜ እደውልላቸዋለሁ።