የቮልስ ፍሪሲዮን «ሙሉ ለሙሉ» ለምታስቀይሩ፦ የቮላኖውን መሃል ሳታዩ ሒሳብ አትዝጉ

የድሮ ቮልስዋገን ያላችሁ ሁሉ፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ ጋራዦች «ሙሉ የፍሪሲዮን ለውጥ በአንድ ዋጋ» እያሉ የሚያቀርቡትን አገልግሎት ከመቀበላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ዋጋው ሲሰሙት ደህና ነው። ደረሰኙ ላይ አራት ዕቃዎች ይሰፍራሉ፦ ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ሰሃን፣ የመልቀቂያው ኩሽኔታ እና ፓይለት ኩሽኔታ። ሦስቱ ይቀየራሉ። አራተኛዋ ማንም ተመልሶ የማያያት ቦታ ስላለች ባለችበት ትቀመጣለች፤ ሒሳቧ ግን አይቀርም።

በእኔ 1300 ቮልስ ላይ የተደረገው ይኸው ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ጋራዥ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች ባለ ቮልሶች ሰምቻለሁና። ከለውጡ በኋላ መኪናው ቆሞ አንደኛ ማርሽ ሲገባ መንገራገጭ ጀመረ፣ ቀጥሎም ፍሪሲዮን ረግጬ መብራት ስጠብቅ ከኋላ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ጋራዡ «አዲስ ሸራ እስኪላመድ ነው» አለኝ። ሸራ ሲላመድ አያፏጭም።

ይህች ሳትቀየር የምትቀር ፓይለት ኩሽኔታ የት እንዳለች ለማያውቅ ልንገር። በቮልስ ሞተር ላይ ቮላኖውን፣ ማለትም ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ የብረት ጎማ፣ የሚይዘው መሃሉ ላይ የሚገባ አንድ ትልቅ ባለ 36 ሚሊ ሜትር ቡሎን ብቻ ነው። ቡሎኑ መሃሉ ክፍት ነው፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ቀጫጭን መርፌ መሳይ ብረቶች የተደረደሩባት ትንሽ ኩሽኔታ ትቀመጣለች። ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚመጣው ዘንግ ጫፉን እዚያ ያሳርፋል። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ዘንጉና ሞተሩ አብረው ስለሚዞሩ ኩሽኔታዋ ሥራ የላትም። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ግን ዘንጉ ይቆማል፣ ሞተሩ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በእርሷ ላይ ነው። ግራሶ የሌላት ከሆነች ታፏጫለች፤ ከናካቴው ከያዘች ደግሞ ዘንጉን ይዛ ስለምታዞረው ማርሽ አልገባም ይላል።

የመልቀቂያው ኩሽኔታም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይጮኻልና ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የመልቀቂያው ድምፅ እግራችሁ ፔዳሉን ገና ነካ ሲያደርግ ይጀምራል። የፓይለቷ ግን ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ከገባ በኋላ ጎልቶ ይሰማል። ይህን ሙከራ ለመኪናው ባለቤት የሚያሳይ መካኒክ ካገኛችሁ እጁን ያዙት፤ አልፎ አልፎ ይገኛል።

ሌላ መካኒክ ዘንድ ሞተሩን አስወረድኩት። የቮልስ ሞተር በአራት ማሰሪያዎች ብቻ ከካምቢዮ ጋር ስለሚያያዝ ማውረዱ ለለመደው ሰው ከባድ አይደለም። ሸራው አዲስ ነበር፤ የጫነው ሰሃንም አዲስ። መሃሉ ላይ ያለው ቡሎን ግን የድሮው ነው። ስድስቱም ጎኖቹ በመሮና በመዶሻ ተመትተው ጠርዛቸው ተጠብልሏል። ማውጣት ሞክረው እምቢ ሲላቸው ትተውታል ማለት ነው። ጣቴን ወደ ክፍተቱ ባስገባ መርፌዎቹ አይዞሩም፤ የወጣው ደረቅ ቡናማ ዱቄት ነው። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ላይ መርፌዎቹ የፈለፈሉት መስመር ጥፍርን ያዝ ያደርጋል። ዘንጉን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ የዚያ ዋጋ ከመጀመሪያው ሥራ ይበልጣል። ኩሽኔታዋ ራሷ ከሁሉም ዕቃ ርካሿ ነበረች!

ለምን እንደሚዘሏት ግልጽ ነው። ገንዘቡ ያለው በኩሽኔታዋ ሳይሆን ያን ቡሎን በመፍታትና በማሰር ላይ ነው። አምራቹ የሚያዘው የማጥበቂያ ኃይል ወደ 340 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ለጎማ ቡሎን ከሚበቃው ከእጥፍ በላይ። ቮላኖውን ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ፣ ባለ 36 ቡሰላ (በቡሎኑ ራስ ላይ የሚጠለቅ መፍቻ) እና ረጅም እጀታ ይጠይቃል። ቡሰላው ሰበብ አይሆንም፤ የቮልስ የኋላ ጎማ አክስል ዳዶም ባለ 36 ነውና ቮልስ የሚሠራ ጋራዥ ሁሉ አለው። የኃይል መለኪያ ያለው ቁልፍ የለንም ቢሏችሁም መፍትሔ አለ፦ አንድ ሜትር እጀታ አግድም ተይዞ ጫፉ ላይ 35 ኪሎ ሲንጠለጠል የሚፈለገውን ያህል ይሰጣል። በመዶሻ የተጠበቀ ቡሎን ግን ምን ያህል እንደጠበቀ የመታውም ሰው አያውቅም።

ላልቶ የቀረው ቡሎን ደግሞ ካልተቀየረው ይብሳል። ቮላኖው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚገናኘው በአራት አጫጭር ፒኖች ነው። ቡሎኑ ሲላላ ቮላኖው በፒኖቹ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳዎቹን ያሰፋል፣ በዙሪያው ቀላ ያለ ዝገት መሳይ ዱቄት ይታያል። እዚያ ከደረሰ የፍሪሲዮን ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የክራንክ ሻፍት ጉዳይ ይሆናል። ቮላኖው ራሱ ከተቀየረም የክራንክ ሻፍቱ የወደፊትና የኋላ እንቅስቃሴ እንደገና ተለክቶ በስስ ቀለበቶች ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። «ገጥሟል እኮ» መልስ አይደለም።

ሌላው ማታለያ በቶርኖ የተሠራች የነሐስ ቀለበት ናት። መርፌ ኩሽኔታ ጠፋ ብለው ቀለበቷን ይደፍኑበታል፣ አዲስ ስለሆነች ታብረቀርቃለች፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። በእርግጥ በድሮው ላንድሮቨር ሞተር ላይ ፓይለቱ ከፋብሪካም የነሐስ ቀለበት ነው፤ ያ ግን ለዚያ ሞተር ተለክቶ የተሠራ ነው። ከገበያ በተገኘ ማንኛውም ቁራጭ ነሐስ የተቆረጠ ቀለበት በቮልስ ቡሎን ውስጥ ደርቆ ዘንጉን ይበላዋል። ርካሽ ቅጂ ቡሎኖችም አሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጣት አስገብታችሁ መርፌዎቹ ሁሉ መኖራቸውንና ያለ መንገጫገጭ መዞራቸውን ሞክሩ። የአሮጌ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ሞተር የወጣ፣ ጎኖቹ ያልተመቱ የፋብሪካ ቡሎን ካገኛችሁ አዲስ ኩሽኔታ አስገብቶ መጠቀም ከብዙዎቹ አዳዲስ ቅጂዎች ይሻላል፤ እኔ በመጨረሻ ያስገጠምኩት እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ ሥራ ስትሰጡ አሮጌው ቡሎንና አሮጌው ኩሽኔታ በእጃችሁ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሸራው ከመገጠሙ በፊት ቮላኖው ባዶውን እያለ እንዲጠሯችሁ ንገሩ፤ መምጣት ካልቻላችሁ መሃሉን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩ። ቮላኖው ከወረደ ከኋላው ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ አብሮ ይቀየር፤ ሞተር ሁለተኛ ለማስወረድ ካልፈለጋችሁ በቀር ሌላ ጊዜ የለም። ደረሰኙ «የፍሪሲዮን ሥራ» ብሎ አይለፍ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከነዋጋው ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ያልተቀየረ ዕቃ ክርክር አያስፈልገውም። እኔ ደረሰኙንና የተጠበለለውን ቡሎን አንድ ላይ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ የኩሽኔታዋን ዋጋ ወዲያው መለሱልኝ። የእጅ ሥራውን ዋጋ ግን አሁንም «ባለቤቱ ሲመጣ» እያሉኝ ነው።