ድምፅ ውጭ የሚቀርበት ክፍል፦ ሦስት ወር የተማርኩበት የምልክት ቋንቋ ኮርስ

አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት መስማት የተሳናት አንዲት እናት ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ መጣች። ለእናትየዋ የታዘዘላት የማህፀን ኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። ልጻፍላት ብል ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እኔ ለልጅቷ እነግራታለሁ፣ ልጅቷ በእጇ ለእናቷ ታስረዳለች። ስለ ባልየው መታከም መናገር ሲገባኝ አፌ ተያዘ። ልጅ ናት እኮ! ዋናውን ነገር ሳልነግራት ሸኘኋት። በሳምንቱ ተመዘገብኩ።

ኮርሱ 12 ቅዳሜ ነው፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት። 2,500 ብር ከፈልኩ፤ አይቆጨኝም። አስተማሪያችን ራሱ መስማት የተሳነው ነው። ኮርስ የምትፈልጉ ሰዎች ከሁሉ በፊት ይህንን ጠይቁ። ቋንቋውን ከባለቤቱ መማር ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ለምን እንደመጣን ሰሌዳ ላይ አጻፈን። እኔ «ለመርዳት» ብዬ ጻፍኩ። መምህር አጠፋውና በቦታው «ለመነጋገር» ብሎ ጻፈ።

ፊደሉን ወደድኩት። «በ» የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ቡ፣ ቢ፣ ባ ሲባል ቅርጹ ያው ነው፣ የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። በልጅነቴ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልኩ የሸመደድኩት ገበታ ጣቶቼ ላይ ሲመጣ አንጀቴን በላው። ግን በፊደል መጻፍ ለሰው ስምና ለመሳሰለው ነው። ቋንቋው የራሱ ሰዋስው አለው። እኔ አማርኛውን ቃል በቃል በእጄ ስደረድር መምህር ራሱን ይነቀንቃል። ደግሞ ፊት አለ! «መድኃኒቱን ወስደሻል?» ብዬ ቅንድቤን ካላነሳሁ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

በጣም የከበደኝ ግን ዓይን ነው። እኛ ቤት ታላቅ ሲያናግርህ ዓይንህን ሰበር ታደርጋለህ፣ ጨዋነት ነው። እዚያ ክፍል ዓይንን ከሚያናግርህ ሰው ላይ መንቀል ጆሮህን እንደ መድፈን ነው። ለመጥራት ትከሻ መንካት ነው፣ ወይም መብራቱን ጠፋ በራ ማድረግ። ይህ ሁሉ የአንድ ማኅበረሰብ ወግ ነው። እኔ ስንት ዓመት «የጎደለው ሰው» እያልኩ ነበር የማየው።

አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ታሪክ አስተማረን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ጣሊያን፣ ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ፤ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች የምልክት ቋንቋ ተከለከለ። ዊልያም ስቶኪ የሚባል ምሁር የአሜሪካው የምልክት ቋንቋ እውነተኛ ቋንቋ መሆኑን በጥናት ያሳየው በ1960 ነው። ሰማንያ ዓመት! መምህር ይህን ሲነግረን እጁ ፈጠነ፣ ግማሹን አልያዝኩም፣ ፊቱን ግን አልረሳውም። የእኛው አገር ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቅሬታዬም አለ። 25 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይበዛል፤ ከኋላ የተቀመጠ እጅ አያይም። መስኮቱ ከመምህር ጀርባ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊቱን ታጨልመዋለች። ቤት የምንለማመድበት ቪዲዮ አልሰጡንም፣ ይህ ቢስተካከል ትልቅ ነገር ነው። ቀድማችሁ ሂዱና ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ኮርሱ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ያቺ እናት መጣች። ልጅቷ በር ላይ ብስኩቷን እየበላች ነበር፣ አልጠራኋትም። ያን ጊዜ የተውኩትን በእጄ ጠየቅኳት፦ ባልሽስ ታከመ? ትንሽ አየችኝ። ከዚያ በጣቷ የራሷን ቅንድብ ነካች። ቅንድቤን አነሳሁና እንደገና ጠየቅኳት።